የውርንጭላው መንገድ

ሰው መጽሐፍ መደብር ሲገባ መጀመሪያ ሽፋን ያያል። መጽሐፍ ጠራዧ ግን የምታየው ጀርባ ነው። አንዱን ከመደርደሪያው ሳብ ታደርግና ገልብጣ፣ ሳል የያዘውን ሰው እንደሚመረምር ሐኪም ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳበስ ዳበስ ታደርገዋለች። ቀጥላ መሃሉን ትከፍትና በክር የተሰፋ ይሁን ወይስ በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ታጣራለች። በመጨረሻም አፍንጫዋን ወደ ወረቀቱ መጋጠሚያ አስጠግታ ታሸተዋለች፤ ሻጯን ሴትዮ ያሳቃትም ይኸው ነው። ግን ምን ታድርግ? ዕድሜዋን በማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ውስጥ ወረቀት ስታጥፍና ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ርካሽ ሙጫ ደግሞ ሽታው አይደበቅም።

የዚያን ቀን የመጣችው ሥዕሉ ያማረ፣ ለልጅ ጮክ ብለው የሚያነቡት መጽሐፍ ልትመርጥ ነበር። ሻጯ ለማን እንደሆነ ስትጠይቃት «ለልጄ» ልትል አፏን ከፈተችና ቃሉን ለወጠችው። «ለባለቤቴ ልጅ» አለች። «የእንጀራ ልጅ» ማለት አልፈለገችም፤ ያንን ያለ ሰው ወዲያው «የእንጀራ እናት» መባሉ አይቀርምና። በተረት ውስጥ የእንጀራ እናት ገብታ ደግ ሥራ ስትሠራ የሰማ ካለ እስቲ ወዲህ ይበል።

ሻጯ ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፤ ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። አጠገቧ መጥታ አብራት ትመርጥ ጀመር። ለልጅ የሚነበብ መጽሐፍ መጀመሪያ እዚሁ ቆመው፣ ድምፅ አውጥተው እንደሚሞክሩት ነገረቻት፤ ምላስ የሚያደናቅፍ ከሆነ እቤት ይዘውት አይሄዱም። ደግሞም ቃሉ ያለውን ብቻ የሚደግም ሥዕል ብዙ አይረባም፣ ልጅን የሚይዘው ቃሉ ያልተናገረውን ሹክ የሚል ሥዕል ነው አለቻት። ጠራዧ ራሷን እየነቀነቀች በአክብሮት አዳመጠችና፣ ክሩ የጠነከረ፣ ሲከፈት ለጥ የሚል ትልቅ መጽሐፍ አንስታ ይሄ እንደሚሻላት ተናገረች። ዝናብ አይታ ስለማታውቅ ጃንጥላ የሚተርክ ነበር።

«ሥዕሉንስ አየሽው?» አለቻት ሻጯ።

ጠራዧ አፈረች። ቀለሙ ከመስመሩ አለመፍሰሱን በደንብ አይታለች፤ ምን እንደተሳለበት ግን ልብ አላለችም። ብቻ መጽሐፉን አስጠቅልላ ይዛው ወጣች።

ልጅቷን ሰው ሁሉ ወፌ ይላታል። ገና በጨቅላነቷ «ወፌ ቆመች» እየተባለ ሲጨበጨብላት ከእኩዮቿ ሁሉ ቀድማ ስለቆመች ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀረ። አሁን አንደኛ ክፍል ናት። እናቷ ለረጅም ጊዜ ታማ ነው የሞተችው፤ ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። አባቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከቤቱ አልጋ ይልቅ የመንገድ አልጋ ይበዛበታል። ደግ ሰው ነው፣ ጠራዧንም ወዷት ነው ያገባት። ግን ከሠርጉ በሳምንቱ መሪውን ጨብጦ ሲሄድ አንዲት ሴትና አንዲት ሕፃን፣ ሁለት ባዕዳን፣ አንድ ጣራ ሥር ተፋጠው ቀሩ።

ወፌ አታስቸግርም። የቀረበላትን ትበላለች፣ ጫማዋን ራሷ ታስራለች፣ የተባለችውን ሁሉ «እሺ፣ እትዬ» ትላለች። ጠራዧን ያንገበገባት ታዲያ ይኸው «እሺ» ነው። ልጅ ካልነዘነዘ፣ ካልተቆጣ፣ አንድ ቀን እንኳ «እምቢ» ካላለ ቤቱን እንግዳ ማረፊያ አድርጎታል ማለት ነው። ጠራዧ ከዚህ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ እንድታስጠጋት። እናት ልሁንሽ ልትል አልደፈረችም፣ ልቧ ግን ከዚያ የራቀ አልነበረም።

ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ ወፌ ከትራሷ ሥር አንድ አሮጌ መጽሐፍ ታወጣለች። ስለ አንድ የአህያ ውርንጭላ የሚተርክ የሥዕል መጽሐፍ ነው። ጠርዙ ተልጧል፣ ሽፋኑ በፕላስተር ተይዟል። ገጹን ቀስ እያለች እየገለጠች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን አይወጣትም። ጠራዧ ቀረብ ካለች ክድን ታደርገዋለች። እናትየው በሕይወት ሳለች ማታ ማታ ታነብላት እንደነበር ጠራዧ ከሾፌሩ ሰምታለች። እንግዲህ ይቺ ልጅ በር ካላት በሩ መጽሐፍ ነው፣ መጽሐፍ ደግሞ የኔ ሥራ ነው ብላ ተስፋ አደረገች። ጃንጥላዋን የገዛቻትም ለዚሁ ነበር።

ጃንጥላዋ ግን አልሠራችም። ጠራዧ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አነበበችላት፤ ድምፅዋም ያምራል፣ ምላሷም አልተደናቀፈም። ችግሩ እጇ ነበር። ጥረዛ ክፍል ውስጥ ገጽ የሚገለጠው ቶሎ እንዲያልቅ ነው። እናም ቃሉ ሲያልቅ እጇ ገለጠ። ወፌ ከጃንጥላዋ እጀታ ሥር የተደበቀች ቀንድ አውጣ አይታ ጣቷን ልትሰድ ስትል ገጹ ሄደ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ጣቷ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየና ተመለሰ።

«ጨረስሽ?» አለቻት በመጨረሻ፣ በትሕትና።

ጠራዧ መጨረሷን ስታረጋግጥላት ወፌ «እሺ፣ እትዬ» አለችና እጇን ወደ ትራሷ ሥር ሰደደች።

ጠራዧ በማግሥቱ ለሾፌሩ ስልክ ደውላ አማረረች። እሱ ከአንድ የነዳጅ ማደያ ደጃፍ ሆኖ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ አጽናናት። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ ምርኩዝ መያዜ ነው አለችውና ሁለቱም ሳቁ። ስልኩን ስትዘጋ ግን ሳቁ ወዲያው ጠፋባት።

አንድ ቀን ጠዋት ከወፌ አልጋ በኩል የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ጠራዧ ሮጣ ስትሄድ የውርንጭላው መጽሐፍ ለሁለት ተከፍሎ፣ ገጾቹ ብርድ ልብሱ ላይ ተበትነዋል። ያ ፕላስተር ስንት ዓመት ይችላል? ልጅቷ ወረቀቶቹን ሰብስባ ደረቷ ላይ ይዛቸው ትንሰቀሰቃለች። ጠራዧ አጠገቧ ተንበረከከች። ልቧ አዝኖላትም፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስ ብሏትም ነበር። በሩ ራሱ ተከፈተልኝ ብላለቻ።

«ስጪኝ፣ እኔ እሠራልሻለሁ» አለቻት።

ወፌ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «አይጠፋም?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አይጠፋም።»

«እንደነበረ ታደርጊዋለሽ?»

«ከነበረውም አስበልጬ» አለች ጠራዧ።

ወፌ መጽሐፉን በሁለት እጇ አቀበለቻት። ያንን መጽሐፍ ለሰው ስትሰጥ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ጠራዧም ይህን አውቃ እስከ ሥራ ቦታዋ ድረስ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ሄደች።

የጥረዛ ክፍሉ አለቃ ጋሽ ሙጫ ይባላሉ። ጣቶቻቸው ዘወትር በሙጫ ስለሚያብለጨልጩ የወጣላቸው ስም ነው፤ እሳቸውም ከእውነተኛ ስማቸው ይልቅ በዚህ ሲጠሩ ነው ቶሎ የሚዞሩት። የምሳ ሰዓት ላይ የግል ሥራ እንድትሠራ ፈቀዱላት። ጠራዧ አሮጌውን ሽፋን ገፈፈች፣ የደረቀውን ሙጫ በቢላ ጫፍ ፋቀች፣ ክሩን በጣጠሰች። መጽሐፍ ማለት እንግዲህ ትልልቅ የታተሙ ወረቀቶች እየታጠፉ፣ እጥፍ በእጥፍ ላይ እየተደረበ የሚሰፋ ነገር ነው። እጥፎቹ ቅደም ተከተላቸውን እንዳይስቱ በየጀርባቸው ላይ አንዳንድ ትንሽ ጥቁር ምልክት ይታተምባቸዋል፤ በትክክል ሲደረደሩ ምልክቶቹ እንደ ደረጃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ጠራዧ አራቱን እጥፎች አሰልፋ ጀርባቸውን ስታይ ደረጃው ተሰብሯል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቦታ ተቀያይረዋል።

እንዴት ተናደደች! የትኛው ግድ የለሽ ነው ይህን ጠርዞ ለሕፃን የላከው? መጽሐፉ የገጽ ቁጥር የለውምና ማንም አላወቀበትም። ለማረጋገጥ ቃሉን በጥድፊያ አነበበችው። ውርንጭላው እናቱ ወደ ሩቅ ሄዳ ብትቀርበት ከግቢ ይወጣል፤ ጨለማ ጫካ ውስጥ ለብቻው ይንከራተታል፤ ከዚያ አረንጓዴ መስክ ላይ እናቱን ያገኛታል፤ ከዚያ ወደ ቤት ይመለሳሉ። እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረው። ሁለቱን እጥፎች አቀያይራ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው፣ ደረጃው ቀጥ አለ፣ ሰፋቻቸው፣ ሙጫ ቀባች፣ መጽሐፍ መጭመቂያው ሥር አሳደረችው። በማግሥቱ ሰማያዊ ጨርቅ አለበሰችው። ጋሽ ሙጫ አገላብጠው አዩትና አዲስ ሙሽራ አድርገሽዋል አሏት፤ እሳቸው ምስጋና የሚወጣቸው አልፎ አልፎ ነው።

ያን ምሽት ወፌ ሰማያዊውን ሽፋን በመዳፏ ስትዳብሰው ጠራዧ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር። ልጅቷ ከፈተችው። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጥቂት ገለጠችና ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ወደፊት፣ አንድ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ገጾቹን ሁሉ አገላበጠቻቸው። ከዚያ ክድን አደረገችው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

ጠራዧ ተደናግጣ ያው ራሱ መሆኑን አስረዳቻት። ድሮ ወረቀቱ ተሳስቶ እንደነበር፣ አሁን እንደተስተካከለ፣ ውርንጭላው በመጨረሻ እናቱን አግኝቶ አብረው ወደ ቤት እንደሚመለሱ በደስታ አብራራች።

«መጨረሻ ላይ አያገኛትም» አለች ወፌ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «እናቱ አትመለስም።»

መጽሐፉን ወስዳ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከማትለብሳቸው ልብሶች ሥር አስገባችው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ማታ ከንፈሯ መንቀሳቀሱን አቆመ።

ጠራዧ እጄ አመድ አፋሽ ነው ብላ ተከፋች። መከፋቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ፍርሃት ተተካበት። ምኑን እንደሰበረች አላወቀችም፣ አንድ ነገር እንደሰበረች ግን አውቃለች። ሾፌሩ እሑድ ከመንገድ ተመልሶ ገላውን ታጥቦ ሲወጣ ወጥ ቤት ውስጥ ነገረችው። እሱ ፎጣውን አንገቱ ላይ አድርጎ ወንበር ሳብ አደረገ።

መጽሐፉ የተገዛው ሟቿ አልጋ ከያዘች በኋላ መሆኑን ነገራት። የመጀመሪያ ቀን ገልጣ አንብባ «ይሄ መጽሐፍ ራሱ መንገድ ጠፍቶታል» ብላ ስቃለች። ቃሉ ከቃሉ አይገጥምም ነበር። እሱም ለባለ ሱቁ ልመልሰው ብሏት ነበር። እሷ ግን ገጾቹን ደጋግማ ስታይ ቆየችና «ተወው» አለችው። «ለእኛ እንዲህ ነው የሚሻለን» አለች። ለምን እንዳለች አልጠየቃትም፤ በመንገድ ዝሎ ነበር የመጣው፣ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ትታ፣ ሥዕሉን እያየች በራሷ አፍ ትተርክላት እንደነበር ነው የሚያውቀው።

ጠራዧ ክው አለች። በአሮጌው አደራደር ውስጥ ውርንጭላው በልቧ ሄደላት። ከግቢ ይወጣል። ወዲያው እናቱን መስኩ ላይ ያገኛታል፤ አብረው ሣር ይግጣሉ፣ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ጨለማው ጫካ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለብቻው። ከዚያ ደግሞ ቤት ይደርሳል። ያቺ ሴት እንደምትሞት አውቃ፣ ለልጇ እናቱን መጀመሪያ ያገኘ፣ ከዚያ ለብቻው ሄዶ በደህና የደረሰ ውርንጭላ ነበር ስትተርክላት የኖረችው። ሙያተኛዋ መጥታ አስተካከለችላታ! መጨረሻ ላይ እናት አለች ብላ ዋሸቻት። ጠራዧ የእቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፋ አለቀሰች፤ ሾፌሩ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት በፎጣው ጫፍ ፊቷን ጠረገላት።

ከሰዓት በኋላ ጠራዧ ወደ ወፌ ክፍል ገብታ ወለሉ ላይ ንጹሕ ወረቀት ዘረጋችና ተቀመጠች። መጽሐፉን እንድትሰጣት ለመነቻት። ወፌ እሺ አላለችም፤ ትከሻዋን ብቻ ነቀነቀች። እሺ ያላለችበት የመጀመሪያው ቀን መሆኑ ነው።

«አጥፍቻለሁ፣ ወፌ» አለች ጠራዧ። «እንደነበረ አድርጊልኝ ብለሽኝ እኔ አስበልጬ አልኩ። ማን አስበልጪ አለኝ? መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ አላውቀውም። አንቺ ደርድሪው፣ እኔ የደረደርሽውን እሰፋለሁ።»

ልጅቷ ብዙ አሰበች። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፈተች።

ጠራዧ የራሷን ስፌት በቢላ በጠሰችው። ጥሩ ስፌት ነበር፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። አራቱን እጥፎች ፊቷ አኖረችላት። ወፌ ተንበርክካ መጀመሪያ የግቢውን አስቀመጠች። ቀጥላ የመስኩን አነሳች።

«እዚህ ይተኛሉ» አለች። «ሲነጋ እናቱ መንገዱን ትነግረዋለች።» የጫካውን አስከተለች። «ከዚያ ጨለማው።» የቤቱን ደግሞ በላዩ ደረበች፣ ጠርዙን በመዳፏ አስተካከለችና፣ «በቃ» አለች።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ሙጫ በጠራዧ ጠረጴዛ በኩል ሲያልፉ የእጥፎቹ ጀርባ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። እሷ ክር ልታመጣ ሄዳ ነበር። ሽማግሌው ደግ ልብ አላቸው፣ ሥራቸውንም ይወዳሉ። ስትመለስ ሁለተኛውን እጥፍ መዝዘው ወደ ቦታው ሊመልሱ ሲሉ ደረሰችባቸው።

«ይተዉት፣ ጋሼ!»

«ደረጃው ተሰብሯል፣ ልጄ። አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። እንደዚሁ ነው የሚሰፋው።»

ጋሽ ሙጫ ተቆጡ። የተዛባ መጽሐፍ ከዚህ ክፍል ወጥቶ እንደማያውቅ፣ እሳቸው በሕይወት እያሉም እንደማይወጣ ተናገሩ። ስሜ የታወቀው በዚህ ነው አሉ። እሷም ወንበር ሳበችላቸውና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ የሟቿን ሳቅ፣ መስኩን፣ ጫካውን። ሽማግሌው ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር፤ ተጠርጎም አላልቅ አላቸው።

«ታዲያ ያዘዘችው ልጅቷ ናት?» አሉ በመጨረሻ።

«እናትየዋ ናት፣ ጋሼ።»

«እናትየዋ ከሆነች» አሉና መርፌውን ከእጇ ወሰዱ፣ «ክሩ ድርብ ይሁን።»

ራሳቸው ሰፉት። የተሰበረውን ደረጃ በመዳፋቸው ጨፍነው ሙጫውን ሲቀቡበት ከዚያ በፊት ያልታየባቸው ጥንቃቄ ነበር።

መጽሐፉ ሲመለስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ወፌ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ከፈተችው፣ ገለጠችው፣ መስኩን አገኘችው። ቀና ብላ ጠራዧን አየቻትና ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችላት። ጠራዧ በተለቀቀላት ቦታ ተቀመጠች።

«አንቺ ግለጪ» አለች ወፌ። «እኔ እናገራለሁ።»

እናም ተናገረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ፣ በእናቷ ቃል ተናገረች። ውርንጭላው ከግቢ ሲወጣ ጅራቱ በሩ ላይ እንደተያዘበት፣ መስኩ ላይ እናቱ ጥሩ ጥሩውን ሣር እየመረጠች እንደሰጠችው። ጠራዧ አልገለጠችም፤ ልጅቷ ጣቷን ከሥዕሉ ላይ እስክታነሳ እጇን ጭኗ ላይ ይዛ ጠበቀች። እጇ ያን ያህል ጠብቆ አያውቅም።

ጫካው ላይ ሲደርሱ ወፌ ቆመች። አንድ ጊዜ ጀመረች፣ ተወችው።

«እዚህ ላይ እማ ያለችውን ረሳሁት።»

ጠራዧ ደነገጠች። ይህን ከማን ትጠይቅላታለች? በዓለም ላይ ይህን ተረት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አሁን አንዷ ብቻ ቀርታለች፣ እሷም እየረሳች ነው። ማድረግ የምትችለውን አንድ ነገር ብቻ አደረገች፤ ሥዕሉን አየችው። ዕድሜዋን በመጽሐፍ መሃል ኖራ ሥዕልን እንደዚያ አይታ አታውቅም። ጥቁር ግንዶች፣ በግንዶቹ መሃል ትንሹ ውርንጭላ፣ ከእግሩ ሥር ቀጭን መንገድ። መንገዱ ላይ ፈዘዝ ብሎ የሆነ ነገር ታትሟል። ቃሉ ስለዚህ ነገር ምንም አይልም።

«ይሄስ ምንድነው?» አለች ጣቷን አስጠግታ። «የሱ እግር እንዲህ ትልቅ ነው?»

ወፌ ጎንበስ አለች። ፊቷ በራ።

«የእናቱ ኮቴ ነው! እናቱ አልፋበታለች! ‹እዚህ ላይ እኔ አልፌበታለሁ፣ አትፍራ፣ ኮቴዬን እየረገጥክ ሂድ› ብላዋለች። እማ እንዲህ ነው ያለችው።»

«ኮቴዬን እየረገጥክ ሂድ» አለች ጠራዧ ቀስ ብላ። እንዳይጠፋባት ነው የደገመችው። ከእንግዲህ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ሆኑ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ውርንጭላው ጎህ ሲቀድ ከኮረብታው ይወርዳል። ሥሩ የታተመው ቃል «እናቱም ቀስ እያለች ከኋላው ትከተለው ነበር» ይላል። ጠራዧ ቃሉን አይታ አለፈችው፤ ሥዕሉ ላይ እናት የለችም። ያለችው አንዲት ሴት ናት። የግቢው በር ላይ መብራት ይዛ ቆማለች። ፊቷ በደንብ አይታይም።

«እዚህ ላይስ እማ ምን ትል ነበር?»

«እዚህ ላይ እኔን ነው የምትጠይቀኝ» አለች ወፌ። «‹ይቺ ሴትዮ ማን ናት?› ትለኛለች። ‹አላውቃትም› እላታለሁ። ‹እኔም አላውቃትም፣ ግን እስኪመጣ መብራቷን አላጠፋችም› ትላለች። ከዚያ እንተኛለን።»

ጠራዧ ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ሳይንጠባጠብ በእጇ ጀርባ ጠረገችው፤ ሙያ ነውና በዚያች ሰዓትም ጨርቁ እንዳይበላሽ አሰበች።

ወፌ ሴትዮዋ ላይ ጣቷን አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ጠራዧን አየቻት፣ ሥዕሉን አየችው፣ ጠራዧን እንደገና አየቻት። ከአልጋው ወረደችና ከመደርደሪያው ላይ ያንን ትልቁን፣ የጃንጥላዋን መጽሐፍ ተሸክማ መጣች። ጠራዧ ጭን ላይ አስቀመጠችው፣ ብርድ ልብሱን ለሁለቱም ሳበችና ተጠግታ ተቀመጠች።

«ይሄን ደግሞ አንቺ» አለች። «ግን ሥዕሉን ሳልጨርስ እንዳትገልጪብኝ።»